የፒራኔሲ የሮማ ፍርስራሽ ሥዕሎችና የታሪክ ምስክርነታቸው

ጀርመናዊው ባለ ቅኔ ጎይቴ ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ ከሚያነሣቸው ነገሮች አንዱ፣ አባቱ በፍራንክፈርት ቤታቸው ግድግዳ ላይ ደርድሮ ሰቅሎአቸው የነበሩት የሮማ ከተማ የኅትመት ሥዕሎች ናቸው። ከነዚያ ሥዕሎች የተነሣ ሮማን ሳያያት ዐወቃት፤ ለማየትም ሲመኝ ኖሮ በ1786 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ደረሰባት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ዳሩ ግን የካራካላን የመታጠቢያ ሕንፃ ፍርስራሽ በዐይኑ ባየ ጊዜ ቅር አለው። ፒራኔሲ የሚባለው ሠዓሊ በወረቀት ላይ ያን ያህል አስደናቂ አድርጎ ያሳየው ነገር፣ በቦታው ተገኝተው ሲያዩት ሥዕል ለለመደ ዐይን እንኳ እምብዛም የማያረካ መሆኑን በኢጣልያ ጉዞው መጽሐፍ ውስጥ ገልጾአል። በዚያው ዘመን ወደ ሮማ የመጣው እንግሊዛዊ ሐውልት ቀራጭ ጆን ፍላክስማንም፣ ፍርስራሾቹን ከፒራኔሲ ሥዕሎች እንደ ገመታቸው ያህል የሚያስደንቁ ሆነው እንዳላገኛቸው ተናግሮአል።

የሁለት ሰዎች ቅር መሰኘት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ለሠዓልያን መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን ፒራኔሲ ከሣላቸው ሕንፃዎች አንዳንዶቹ ዛሬ የሉም፤ ሌሎቹም በቁፋሮ፣ በጥገናና በከተማው መስፋፋት መልካቸው ተለውጦአል። የታሪክና የአርኬኦሎጂ ተመራማሪዎች ከ200 ዓመት በፊት የነበረውን ሁኔታ ለማወቅ ሲፈልጉ ከሚያነሡአቸው ሰነዶች መካከል የእርሱ ሉኮች ይገኛሉ። እንግዲህ ሙግቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ምስክር በሌለበት ነገር፣ አጋኖ በመናገር የታወቀ ምስክር ቃሉ ሊያዝለት ይገባልን? በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምሞክረው፣ ፒራኔሲ የት የት ላይ እንደሚያጋንን ተለይቶ ከታወቀ፣ በቀረው ነገር ቃሉ ሊያዝለት የሚገባ ምስክር መሆኑን ነው።

ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔሲ በ1720 በቬኒስ ሪፑብሊክ ግዛት ተወለደ። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። አጎቱ በቬኒስ የውሃ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበርና የግንብን አሠራር ከእርሱ ተማረ፤ መነኵሴ የሆነው ወንድሙ ደግሞ ላቲንና የጥንት ሮማውያንን ታሪክ አስተማረው። ስለዚህ ገና ከአገሩ ሳይወጣ፣ ድንጋይ እንዴት እንደሚጠረብ፣ ግንብ ክብደቱን በምን እንደሚሸከም፣ በላዩ የተቀረጸውም ጽሕፈት ምን እንደሚል የሚያውቅ ወጣት ነበር። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ የፍርስራሽ ሠዓልያን ግንብን የሚያዩት ከውጭ ሲሆን፣ ፒራኔሲ ግን እንደ ግንበኛ ከውስጥ ያየው ነበር።

በ1740 የቬኒስን አምባሳደር ተከትሎ ሮማ ገባ። ምኞቱ አርክቴክት ለመሆን ነበር፤ በሥራዎቹም ላይ ‹‹የቬኒስ አርክቴክት›› እያለ ይፈርም ነበር። ዳሩ ግን ከሠራቸው ሕንፃዎች የሚጠቀስ ቢኖር በ1764 እና በ1766 መካከል በአቨንቲኖ ኰረብታ ላይ ያደሰው የሳንታ ማሪያ ዴል ፕሪዮራቶ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሚያሠራው ያጣው አርክቴክት እጁን ወደ መዳብ መለሰ። በመዳብ ላይ ቀርጾ የማተምን ጥበብ በከተማው ታዋቂ ከነበረው ከጁሴፔ ቫሲ ተማረ።

የሮማን ፍርስራሽ በኅትመት ሥዕል ማሳየት አዲስ ነገር አልነበረም። ሂሮኒሙስ ኮክ በአንትወርፕ በ1551፣ ኤትየን ዱ ፔራክ ደግሞ በሮማ በ1575 የዚህ ዓይነት መጻሕፍት አሳትመዋል። አዲስ የነበረው የገዢው ብዛት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጀርመን ባለጸጎች ልጆች ትምህርታቸውን ለመፈጸም ወደ ኢጣልያ ይጓዙ ነበር፤ ሲመለሱም ያዩትን የሚያስታውስ ነገር ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። የዘይት ቀለም ሥዕል ውድ ነው፤ የእምነ በረድ ሐውልት ይከብዳል። የታተመ ሉክ ግን ተጠቅልሎ በሣጥን ይገባል። ፒራኔሲ በኮርሶ ጎዳና በፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ፊት ለፊት ሱቁን ከፍቶ፣ ከ1748 ገደማ ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1778 ድረስ ‹‹የሮማ ትርኢቶች›› የተባሉትን 135 ሰሌዳዎች አንድ በአንድ እያወጣ ሸጠ።

እነዚህ እንግዶች ለማየት የሚመጡበት የጥንቱ የሮማ አደባባይ፣ ማለት ፎሩም፣ በዚያ ጊዜ ስሙ ካምፖ ቫቺኖ ነበር፤ የላም መስክ ማለት ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት በተከማቸ አፈር ተቀብሮ ከብት ይሰማራበት ነበር። የሴፕቲምዮስ ሴቬሮስ የድል በር እስከ ወገቡ ተውጦአል፤ ከመቅደሶቹም ራስ ራሳቸው ብቻ ወጥቶ ይታያል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ፤ የማጋነኑ ምስጢር አብዛኛው ያለው በአሠራሩ ውስጥ ነውና። ኢጣልያኖች ይህን የኅትመት ዓይነት አኳፎርቴ ይሉታል፤ ‹‹ኀይለኛ ውሃ›› ማለት ሲሆን አሲዱን መጥራታቸው ነው። በመጀመሪያ በተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ከሰምና ከሙጫ የተሠራ ቅባት በስሱ ይቀባል፤ መስመሩ በደንብ እንዲታይም ቅባቱ በጧፍ ጢስ ይጠቍራል። ሠዓሊው በመርፌ ይሥልበታል። መርፌው መዳቡን አይቈርጠውም፤ ቅባቱን ገልጦ መዳቡን ራቍቱን ይተወዋል እንጂ። ከዚህ በኋላ አሲድ ሲፈስበት ቅባት ያለበትን ትቶ የተገለጠውን ብቻ እየበላ ይቦረቡራል። ቅባቱ ተጠርጎ ሲወጣ መስመሮቹ በመዳቡ ላይ ተቦርቡረው ይገኛሉ። በነዚያ ቦይ መሰል መስመሮች ውስጥ የማተሚያ ቀለም ይሞላል፤ የሰሌዳው ገጽ ይጠረጋል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በሁለት ጥቅሎች መካከል በኀይል ሲያልፍ ወረቀቱ ከየቦዩ ቀለሙን ይስባል። ማኅተም የቀረጸ ሰው እንደሚያውቀው፣ የሚታተመው ነገር ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል። ስለዚህ ሠዓሊው መላውን ከተማ፣ በሥሩ ያለውን ጽሕፈት ሳይቀር፣ ገልብጦ መሣል አለበት።

ከፒራኔሲ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ሰሌዳውን በአሲድ የሚያስበሉት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነበር። በዚህ ምክንያት መስመሮቻቸው ሁሉ እኩል ይሆናሉ፤ የቫሲን ሉክ ያየ ሰው ንጹሕና የተስተካከለ፣ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ያገኘዋል። ፒራኔሲ ሰሌዳውን ጥቂት ካስበላ በኋላ አውጥቶ፣ ፈካ ብሎ እንዲቀር የሚፈልገውን ክፍል በቫርኒሽ ይሸፍናል፤ የቀረውን ወደ አሲዱ ይመልሳል። ደግሞ ያወጣል፤ ደግሞ ይሸፍናል። ይህን ደጋግሞ ሲያደርግ ሰማዩና ሩቁ ሕንፃ እንደ ጉም ሳስቶ ይቀራል፤ በፊት ለፊት ያለው ግንብ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ተበላ መስመሩ ጠልቆ ቀለሙን በብዛት ይይዛል፣ እንደ ከሰልም ይጠቍራል። ቫሲ ‹አንተ ቀራጭ ለመሆን ከመጠን ያለፍህ ሠዓሊ ነህ› ብሎታል እየተባለ የሚነገረው ነገር እውነት ይሁን አይሁን፣ የሁለቱን ሉኮች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እንግዲህ ጎይቴ በካራካላ ያጣው ነገር አንዱ ይህ ጥላ ነው። በሮማ የቀትር ፀሐይ ላይ ጡቡ ጡብ ብቻ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ የመቆሚያ ቦታው ነው። ፒራኔሲ ዐይኑን ዝቅ አድርጎ ከመሬት አጠገብ ያኖርና ሕንፃውን በማዕዘኑ በኩል ያያል፤ አንዳንድ ጊዜም የሰሌዳው ጠርዝ ግንቡን ይቈርጠዋል፣ ተመልካቹም የቀረው ክፍል ገና ወዴት እንደሚሄድ በሐሳቡ ይጨምርበታል። በግንቡ ሥር ደግሞ ለማኞችን፣ እረኞችንና እጃቸውን እያወዛወዙ የሚነጋገሩ ሰዎችን ይበትናል። እነዚህ ሰዎች ሥራ ፈቶች ይመስላሉ እንጂ ትልቅ ሥራ አላቸው፤ ዐይናችን ግንቡን የሚለካው በነርሱ ነውና፣ እነርሱ ባነሱ ቍጥር ግንቡ ይረዝማል። የጋዮስ ኬስትዮስን የመቃብር ፒራሚድ መመልከት ይበቃል። ከፍታው 36 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም መካከለኛ ቁመት ያላቸው 21 ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ ቢቆሙ የሚደርሱበት ነው። በፒራኔሲ ሉክ ላይ ግን በሥሩ የቆሙት ሰዎች ከዚህ ልክ በታች ስለ ተደረጉ፣ ፒራሚዱ ከግብፅ ተነሥቶ የመጣ ይመስላል።

በ1776 የሠራው የኮሎሴዮ ሥዕል ለየት ያለ ነው። ርዝመቱ 188፣ ወርዱ 156 ሜትር የሆነው ይህ ሕንፃ በዚህ ሉክ ላይ የሚታየው ከላይ፣ ከሰማይ ነው። ሰው በአየር በሚንሳፈፍ ባሎን መጀመሪያ ከመሬት የተነሣው በ1783 ስለ ሆነ፣ ይህን ትርኢት ያየ ሰው በዚያ ጊዜ ማንም አልነበረም። ነገር ግን ይህ እንደ ውሸት ሊቈጠር አይገባም። የመቆሚያው ቦታ ፈጠራ ቢሆንም ሕንፃው ፈጠራ አይደለም፤ ከምድር ሆኖ የመረመረውንና የለካውን ሰብስቦ ከላይ እንደሚታይ አድርጎ አቀረበው።

በእኔ አስተያየት ጥፋት የሚባለው ሌላ ነው። በ1756 ‹‹የሮማ ጥንታዊ ቅርሶች›› በሚል ስም ባሳተመው የ4 ጥራዝ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከመሬት በታች ያለውን የአፄ ሐድርያኖስን መቃብር መሠረት የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። መቃብሩ ዛሬ ካስቴል ሳንት አንጄሎ የሚባለው ነው። በሥዕሉ ላይ መሠረቱ እንደ ገደል የተቈለለ የተጠረበ ድንጋይ ሲሆን፣ ድንጋዮቹ ተራ በተራ፣ መጋጠሚያቸው ሳይቀር ተሥሏል። ይህን ሁሉ ግን በዐይን ያየው የለም። ግምቱን እንዳየው ነገር አድርጎ፣ በዚያው እርግጠኛ እጅ መቅረጹ ነው የሚያሳስተው። ሰውን አሳንሶ ግንብን ያስረዘመ ሠዓሊ በሜትር ሊታረም ይችላል፤ ያላየውን እንዳየ አድርጎ የመሰከረ ግን በምን ይታረማል?

ይህን ያህል የሚያጋንንበትን ምክንያት መመርመር ያስፈልጋል። ነጋዴ መሆኑ አንዱ ምክንያት እንደ ሆነ አይካድም፤ ሁሉም ግን ገንዘብ አይደለም። ለ1756ቱ መጽሐፍ በጻፈው መቅድም ላይ እንደ ገለጸው፣ የጥንቱ ሕንፃ ቅሪት በዘመን ብዛት ከመጐዳቱም በላይ፣ ባለ ርስቶቹ እየሰበሩ ለአዲስ ቤት መሥሪያ እየሸጡት ከቀን ወደ ቀን ሲያልቅ ስላየ በኅትመት ሊያቆየው ቈርጦ ተነሣ። ደግሞም በዚያው ዘመን አንዳንድ ሊቃውንት ሮማውያን የግሪኮች ቀጂዎች ናቸው ብለው ይጽፉ ነበር። ፈረንሳዊው ለርዋ በ1758 የግሪክን ሕንፃዎች የሚያሳይ መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ ይህ አሳብ በረታ። ፒራኔሲ በ1761 ስለ ሮማውያን ሕንፃ ታላቅነት ባሳተመው መጽሐፍ ተሟገተ፤ የውሃ መውረጃውን፣ መንገዱንና መሠረቱን እያሳየ ግሪክ እንዲህ ያለ የት አላት አለ። የሐድርያኖስ መሠረት ለምን እንደ ገዘፈ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሥዕሉ የክርክር ቃል ነበር።

ጠባዩም ለክርክር የተፈጠረ ነበር። አየርላንዳዊው መኰንን ሎርድ ቻርለሞንት ለ4ቱ ጥራዝ መጽሐፍ ማሳተሚያ ሊረዳው ተስፋ ስለ ሰጠው፣ ፒራኔሲ የመጽሐፉን የፊት ገጽ የጥንት የድንጋይ ጽሕፈት አስመስሎ የሎርዱን ስም ቀረጸበት። ርዳታው ሳይመጣ ሲቀር ሰሌዳውን መልሶ አንሥቶ ስሙን ፋቀው፤ በምትኩም መጽሐፉን ለዘመኑ ሰዎች፣ ለመጪው ትውልድና ለሕዝብ ጥቅም የተሰጠ አደረገው። በ1757ም ነገሩን የሚያስረዱ ደብዳቤዎችን አሳተመ። አፄ ካራካላ ወንድሙን ጌታን ካስገደለ በኋላ በሴፕቲምዮስ ሴቬሮስ የድል በር ላይ የነበረውን የወንድሙን ስም አስፍቆ ነበርና፣ ፒራኔሲ በየቀኑ የሚያየውን የሮማውያን ቅጣት በሎርዱ ላይ ፈጸመበት ማለት ነው።

ስለ ማጋነኑ ይህን ካልሁ፣ ቃሉ የሚያዝለትን ደግሞ ልግለጽ። በካምፖ ቫቺኖ ጫፍ፣ በካፒቶልዮ ኰረብታ ሥር፣ ሦስት ዐምዶች ብቻ የቀሩለት አንድ መቅደስ አለ። ፒራኔሲ በዘመኑ የነበረውን አስተያየት ተከትሎ የነጐድጓዱ ዩፒተር መቅደስ ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ ግን የአፄ ቬስፓስያኖስ መቅደስ መሆኑ ታውቆአል። ስሙን ተሳሳተ፤ ነገር ግን ዐምዶቹ እስከ ጕልላታቸው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው በአፈር ተቀብረው፣ ሰው በቀላሉ በአጠገባቸው ሲያልፍ አሳየ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፈረንሳዮች ሮማን ሲገዙ አፈሩ ስለ ተነሣ ዛሬ ዐምዶቹ እስከ እግራቸው ይታያሉ። የጥንቱ አደባባይ ምን ያህል ተውጦ እንደ ነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ሉክ ማየት አለበት። በዚህ ላይ ለማጋነን ምክንያት እንዳልነበረውም አንባቢ ልብ ይበል፤ ግንብን ለማስረዘም የሚፈልግ ሰው ቀብሮ አያሳይም።

በከተማው ምሥራቅ በኩል፣ ዛሬ በባቡር ሐዲድ ጎን፣ ‹‹የሚኔርቫ ሜዲካ መቅደስ›› በሚል የተሳሳተ ስም የሚታወቅ 10 ማዕዘን ያለው አዳራሽ ይገኛል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተሠራ ሲሆን ጕልላቱ 25 ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። ጕልላቱ በ1828 ፈረሰ። ፒራኔሲ የሣለው ገና ሳይፈርስ በነበረ ጊዜ ነው፤ ጡቡ በምን አኳኋን እንደ ተደረደረ፣ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደ ተሰነጠቀና እንደ ወደቀ ከሉኩ መመልከት ይቻላል። እዚህ ላይ የድንጋይ ጠራቢው ልጅ ይታወቃል። ብዙዎቹን ሰሌዳዎች በፊደል ምልክት ከፋፍሎ፣ ከሥራቸው ይህ የጥንት ነው፣ ይህ በኋላ የተጨመረ ነው እያለ ማብራሪያ ጽፎባቸዋል።

በየግንቡ ላይ የሚያበቅለውን ሣርና ቍጥቋጦም እንደ ጌጥ የሚቈጥሩት አሉ። እኔም በመጀመሪያ እንዲህ መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን ሪቻርድ ዲኪን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ በኮሎሴዮ ብቻ 420 ዓይነት ዕፀዋት ቈጥሮአል። ኢጣልያ ሮማን ዋና ከተማዋ ካደረገች በኋላ ግንቡ እንዳይጐዳ ተብሎ ተመንጥሮአል። ዛሬ ራቍቱን የምናየው ኮሎሴዮ ነው እንግዲህ አዲሱ።

በነዚህ ሉኮች ለመጠቀም የሚፈልግ ተማሪ ሌላም ነገር መጠንቀቅ አለበት፤ ይኸውም አንድ ሰሌዳ አንድ ሥዕል አለመሆኑ ነው። ፒራኔሲ ሰሌዳዎቹን እያነሣ መልሶ ይሠራቸው ነበር። በ1750 ገደማ 14 ሆነው የወጡት ‹‹የወህኒ ቤቶች›› የተባሉት ሥዕሎች በ1761 ሲታተሙ 16 ሆነዋል፤ የቀድሞዎቹም እጅግ ጠቍረው ድልድይና ሰንሰለት ተጨምሮባቸዋል። ከዚህም በቀር መዳብ በታተመ ቍጥር ያልቃል። ከሞተ በኋላ ልጁ ፍራንቸስኮ ሰሌዳዎቹን በ1799 ወደ ፓሪስ ይዞ ሄደ፤ በዚያም ታተሙ። በ1830ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የጳጳሱ መንግሥት ገዝቶ ወደ ሮማ መለሳቸው፤ ዛሬም በዚያው በመንግሥት የሥነ ቅርጽ ተቋም ይጠበቃሉ። ስለዚህ ‹ፒራኔሲ እንዲህ አሳይቶአል› ከማለት በፊት በእጃችን ያለው ሉክ መቼ የታተመ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ማነጻጸሪያም አይጠፋም። ሉዊጂ ሮሲኒ የተባለው ሠዓሊ ከ1819 ጀምሮ በ101 ሰሌዳዎች ያንኑ ከተማ ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ሣለው፤ የሁለቱን ልዩነት በማየት አፈሩ የተነሣው ከየት ከየት እንደ ሆነ መለየት ይቻላል።

ፍርስራሽን ከዛፍና ከጥቃቅን ሰዎች ጋር አድርጎ የማሳየቱ ልማድ በሮማ ብቻ አልቀረም፤ የመንገደኞች መጽሐፍ ሁሉ ወረሰው። ወደ አገራችንም በዚህ መንገድ ደርሶአል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 አክሱምን አይቶ የሣለው፣ ቆሞ የሚገኘው ሐውልት ሥዕል በ1809 በሎንዶን ታተመ። የኅትመቱ ዓይነት አኳቲንታ የሚባለው ሲሆን፣ ይህም በመዳብ ላይ የሙጫ ዱቄት ነስንሶ በአሲድ በማስበላት እንደ ውሃ ቀለም ለስላሳ ጥላ የሚያወጣ ነው። በሉኩ ላይ ሐውልቱ ከትልቁ ዛፍ ጎን ቆሞ ይታያል። ሶልት እንደ ፒራኔሲ የሚከራከርበት ነገር ባይኖረውም፣ መሣልን የተማረው ፍርስራሽ በዚህ ዓይነት ይሣል በሚባልበት ዘመን ነበር። ይሁን እንጂ ከእርሱ በኋላ በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመኖች የአክሱም ጉዞ ሐውልቶቹን በሜትር ለክቶ፣ በፎቶግራፍ አንሥቶ በ1913 አሳትሞአል። የሶልትን ሉክ ከዚህ መጽሐፍ ጋር አቅርቦ፣ የትኛው መስመር የዐይን፣ የትኛው የልማድ እንደ ሆነ አንድ በአንድ መለየት በዚህ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።